የተነገረውና የተጻፈው፦ ድምፅን በሚጽፍ ሶፍትዌር የሚዘጋጅ የሕክምና ካርድ ትክክለኛነት ከጎንደር አንጻር ሲታይ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታካሚ ሕመሙን የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ገበሬ ያመመውን በለመደው አነጋገር ያስረዳል። ሐኪሙ ይሰማል፣ በውስጡ ይተረጉማል፣ ከዚያም በአጭር በአጭሩ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በነርሷ ዘንድም፣ በፋርማሲውም፣ በኦፕራሲዮን ክፍሉም የሚታወቀው በተጻፈው ልክ ነው። የተጻፈው ከተዛባ ሕክምናው ይዛባል። ታካሚው ደግሞ የተጻፈለትን አንብቦ «ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚልበት ዕድል የለውም።

በዚህ መሐል ሌላ ወገን እየገባ ነው፤ ድምፅ ሰምቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሶፍትዌር። ተስፋው ቀላል አይደለም። ወረፋ በበዛበት የተመላላሽ ክፍል ሐኪሙ ከጽሕፈት ተላቆ ዓይኑን ታካሚው ላይ ቢያሳርፍ፣ የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ ቢቀር፣ ካርዱም ሳይጓደል ቢሞላ ማን ይጠላል? ስልክ በየሐኪሙ ኪስ አለ፤ የጉግል የድምፅ መጻፊያም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛን ያስተናግዳል። ስለዚህ «ይምጣ ወይስ አይምጣ?» የሚለው ክርክር ጊዜው አልፏል። አሁን መጠየቅ ያለበት ማሽኑ የጻፈው እውነት መሆኑን ማን፣ መቼና በምን መንገድ ያረጋግጣል የሚለው ነው።

የዚህ ዳሰሳ አቋም ከመነሻው ይታወቅ። ትክክለኛነት ከሶፍትዌሩ ጋር ተገዝቶ አይመጣም። በየደረጃው የሚያነብ ሰው ሲኖር ብቻ የሚገኝ ነገር ነው፤ የመጨረሻው አረጋጋጭም ታካሚው ራሱ መሆን አለበት።

ጎንደርና ቃልን የመመዝገብ ልምዷ

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው ይኸው ነው። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር አሰማራ። የእነዚህ ባለሙያዎች ሥራ ከመርፌና ከክኒን ይልቅ ብዙውን ጊዜ ሰውን ማድመጥና የሰሙትን መመዝገብ ነበር።

ይህ ልምድ እ.ኤ.አ. በ1996 በዳባት ወረዳ ሌላ መልክ ያዘ። በዚያ ዓመት የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ ተከፈተ። መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ከአካባቢው እንደወጣ ይመዘግባሉ። በገጠር ሰው በቤቱ ሲሞት የሐኪም ማስረጃ ስለማይኖር በእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የሟች ቤተሰብ ይጠየቃል፤ ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ተኛ? ሳል ነበረው? ደም ተፍቷል? በተለመደው አሠራር የተሞላውን ቅጽ ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሐኪም ይጨመራል።

ይህን አሠራር ያወጡት ሰዎች ከአፍ ወደ ወረቀት በሚደረገው መንገድ ላይ ቃል እንደሚወድቅ ያውቁ ስለነበር በአንድ ጆሮና በአንድ ዓይን አልተማመኑም። ድምፅ የሚጽፍ ሶፍትዌር ወደ ሆስፒታል ሲገባ መያዝ ያለበት ይህ ጥንቃቄ ነው። ጎንደር ለዚህ ባዶ እጇን አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው የጤና ኢንፎርማቲክስ ትምህርት ክፍል አለው፤ ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖም እንደ ወገራ ባሉ ወረዳዎች የጤና መረጃን ጥራት በማሻሻል ሥራ ላይ ቆይቷል።

በሌላው ዓለም የታየው

የሕክምና ቃልን በማሽን ማጻፍ በአሜሪካና በአውሮፓ የቆየ ነገር ነው። ድራጎን ናቹራሊ ስፒኪንግ የተባለው ሶፍትዌር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊትም ሐኪሞች በቴፕ ይቀዱ፣ ጸሐፊዎች እያዳመጡ ይተይቡ ነበር። ስለዚህ ስለ ስህተቱ መጠን በቂ ማስረጃ አለ።

ከሁሉ ግልጽ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 በጃማ ኔትወርክ ኦፕን መጽሔት የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በሁለት የአሜሪካ የጤና ተቋማት 144 ሐኪሞች በድምፅ ያጻፏቸውን 217 ሰነዶች መረመሩ። ማሽኑ እንደጻፈው ሲታይ ከ100 ቃላት 7.4ቱ ስህተት ነበረባቸው። የሠለጠነ ጸሐፊ ካረመው በኋላ ስህተቱ ወደ 0.4 ወረደ፤ ሐኪሙ አንብቦ ከፈረመ በኋላ ደግሞ 0.3 ሆነ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ከፍተኛውን ለውጥ ያመጣው የአራሚው ሥራ ነው። ሐኪሙ ከፈረመ በኋላም ቢሆን ከ100 ሰነዶች 42ቱ ቢያንስ አንድ ስህተት ይዘው ወጥተዋል። ፊርማ ብቻውን ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

ሌሎቹም ጥናቶች ወደዚሁ ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከድንገተኛ ክፍል የተወሰዱ 100 ሰነዶች ሲመረመሩ በአማካይ በእያንዳንዱ 1.3 ስህተት ተገኘ፤ ከስህተቶቹ 15 በመቶ ያህሉ ታካሚን ሊጎዱ የሚችሉ ነበሩ። በ2011 የጡት ምስል ምርመራ ሪፖርቶችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች በድምፅ ሶፍትዌር ከተዘጋጁት 23 በመቶው፣ በሰው ጸሐፊ ከተዘጋጁት ግን 4 በመቶው ብቻ ከባድ ስህተት እንደነበረባቸው አገኙ። በ2017 በአውስትራሊያ 35 የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች አንድ ዓይነት ሥራ አንዴ በኪቦርድ፣ አንዴ በድምፅ እንዲሠሩ ሲደረግ በድምፅ የሠሩት 18 በመቶ ያህል ዘገየ፤ ስህተቱም በኪቦርድ 32፣ በድምፅ 138 ሆነ። «ጊዜ ይቆጥባል» የሚለው ማስታወቂያ ያለ ልኬት መታመን እንደሌለበት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

የአንዲት ዜሮ ዋጋም ታይቷል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት አንዲት ታካሚ ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ በቃሉ ያስቀዳው የኢንሱሊን መጠን 8 ዩኒት ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው 80 ነው። ሴትዮዋ ሞተች። እ.ኤ.አ. በ2012 ዳኞች 140 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። ያን ስህተት የሠሩት ሌላ አገር ተቀምጠው የሚተይቡ ሰዎች እንጂ ማሽን አልነበረም። ቢሆንም የተነገረው ተጽፎ፣ የተጻፈው ሳይነበብ ወደ ታካሚው የሚያልፍበት መንገድ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ያልተባለን የሚጽፍ ማሽን

የአሁኑ ትውልድ ሶፍትዌር ከቀድሞው የተለየ ባሕርይ አለው። የቀድሞው ሲሳሳት አንዱን ቃል በሌላ ይተካል፤ ዓረፍተ ነገሩ ስለሚበላሽ አንባቢ ይጠራጠራል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው አዲሱ ግን ጨርሶ ያልተነገረ፣ ነገር ግን ሰዋስዉ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ሊጨምር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ ጥናት ዊስፐር የተባለው ሞዴል ከጻፋቸው የድምፅ ቅንጭቦች 1 በመቶ ያህሉ ማንም ያልተናገረውን ሐረግ ወይም ዓረፍተ ነገር እንደያዙ አሳይቷል፤ ከፈጠራዎቹም 38 በመቶው ጉዳት ያለው ይዘት ነበረው። ችግሩ የጎላው ንግግራቸው በሚቆራረጥና ረጅም ዝምታ በሚበዛባቸው ሰዎች ላይ ነው።

በሕክምና ክፍል ውስጥ ዝምታ ብዙ ነው። ሐኪሙ ደረት ሲያዳምጥ ዝም ይላል። ታካሚው ስለ ልጁ ሞት ሲጠየቅ ዝም ይላል። በስትሮክ አንደበቱ የተያዘ ሽማግሌ ቃል ፍለጋ ይቆያል። ማሽኑ እነዚህን ክፍተቶች ከራሱ ቢሞላ ካርዱ ያማረ ሆኖ ሐሰት ይሆናል።

ሌላም አሳሳቢ ነገር አለ። በዚሁ ሞዴል ላይ የተሠራ አንድ የሕክምና መሣሪያ ለምስጢር ጥበቃ ሲባል የድምፅ ቅጂውን እንደሚያጠፋ በዚያው ዓመት ተዘግቧል። ቅጂው ከጠፋ ጽሑፉን ከምን ጋር ማመሳከር ይቻላል? ምስጢር መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ጽሑፉ ተነብቦ ከመጽደቁ በፊት ማስረጃውን ማጥፋት ግን ማረም እንዳይቻል ማድረግ ነው።

አማርኛ ለማሽን

የአማርኛ ድምፅን ለኮምፒውተር የማስተማር ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሰሎሞን ብርሃኑ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነጠላ የአማርኛ ፊደላትን ከድምፃቸው የሚለይ ሥራ አቀረበ። በ2005 ሰሎሞን ተፈራ አባተ በጀርመን ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ 100 ሰዎች ያነበቡትን 20 ሰዓት ያህል የአማርኛ ንግግር ሰብስቦ ለምርምር አበቃ፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ሥራዎች የቆሙት በዚህ ክምችት ላይ ነው። ማርታ ይፍሩ ታጭበሌ ደግሞ የአማርኛን ቃል በምዕላዶቹ ከፋፍሎ ለማሽኑ የማቅረብን ዘዴ አጠናች።

የእነዚህ ሰዎች ድካም ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ክምችቱ በረጋ ድምፅ የተነበበ ዜና ነው፤ የሕክምና ንግግር አይደለም። ከዓለም አቀፎቹ ሞዴሎች ጋር ሲተያይም የአማርኛ ድርሻ ኢምንት ነው። ዊስፐር እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ በ680,000 ሰዓት ድምፅ የሠለጠነ ነበር፤ በራሱ በአምራቹ መለኪያ ግን የአማርኛ የቃል ስህተቱ ከ100 በመቶ በላይ ነበር። ከመቶ በላይ የሚሆነው ማሽኑ የተነገረውን ከማበላሸት አልፎ ያልተነገረውንም ስለሚጨምር ነው። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ ሞዴሎች መጥተዋል፤ ቢሆንም «በእንግሊዝኛ ይሠራል» የሚለው ምስክርነት ለአማርኛ እንደማያገለግል ያ ቁጥር አሳይቶናል።

እንግሊዝኛውም ቢሆን ለእኛ ሐኪም ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 አምስት ታላላቅ ኩባንያዎች የሠሯቸው ሶፍትዌሮች ሲፈተኑ በነጭ አሜሪካውያን ንግግር ላይ ከ100 ቃላት 19፣ በጥቁር አሜሪካውያን ንግግር ላይ ደግሞ 35 ቃላት ተሳስተዋል። አገሩ ተወልዶ በዚያው ቋንቋ አፉን የፈታው ሰው ይህ ከገጠመው፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ተምሮ በአማርኛ ቅላፄ የሚናገር ኢንተርን ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የጎንደር ሐኪም በራውንድ ላይ የሚናገረው ደግሞ ድብልቅ ነው፤ ግሡ አማርኛ፣ የበሽታውና የመድኃኒቱ ስም እንግሊዝኛ። «ፌቨሩ ወርዷል፣ ኦክስጅኑ ይውረድለት» ለሚል ዓረፍተ ነገር የአማርኛውም ሆነ የእንግሊዝኛው ማሽን ብቻውን አይበቃም።

ስህተቱ የሚያደባባቸው ቦታዎች

ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም። የቃላት አጻጻፍ ግድፈት ካርዱን ያበላሻል እንጂ ሰው አይገድልም። ገዳዮቹ በጥቂት ቦታዎች ይከማቻሉ።

የመጀመሪያው ቁጥር ነው። በአማርኛ «ሰላሳ» እና «ስልሳ» በጫጫታ መሐል አይለዩም፤ ስልሳን «ስድሳ» ብሎ መጥራት የሚሻለውም ለዚህ ነው። «ሰባት» እና «ሰባ»፣ «ዘጠኝ» እና «ዘጠና»፣ «አራት» እና «አርባ» መነሻቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው በአሥር እጥፍ ይራራቃል። በእንግሊዝኛ ደግሞ አምታቾቹ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»፣ «ሰቨንቲን» እና «ሰቨንቲ» ናቸው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንየው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላ አዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው፤ ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ለአረም ወይም ለአጨዳ ወርደው የሚታመሙ ወጣቶች ብዙዎቹ እዚያ ይታከማሉ። በአገራችን መጀመሪያ ሲታዘዝ የቆየው ሕክምና ሁለት መርፌ በአንድነት ለ17 ቀን መስጠት ነው፤ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በየቀኑ በኪሎ 20 ሚሊግራም፣ ፓሮሞማይሲን በኪሎ 15 ሚሊግራም። እንግዲህ 45 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የመጀመሪያው 900፣ ሁለተኛው 675 ሚሊግራም ይሆናል። ሐኪሙ «ፊፍቲን» ሲል ማሽኑ «ፊፍቲ» ብሎ ቢሰማ ፓሮሞማይሲኑ 2,250 ሚሊግራም ይሆናል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ኩላሊትንና ጆሮን የሚጎዳ ነው። «ሰቨንቲን» ብሎ «ሰቨንቲ» ከሆነበት 17 ቀን 70 ቀን ይሆናል። ይህን ልምድ ያላት ነርስ ትይዘው ይሆናል። በሌሊት ተረኛ የሆነ አዲስ ባለሙያ ግን ማሽን የጻፈውን ንጹሕ ፊደል ከእጅ ጽሑፍ ይልቅ ሊያምነው ይችላል።

ሁለተኛው አሉታ ነው። አማርኛ አሉታን የሚሸከመው በቃሉ ጫፍና ጫፍ ባሉ ድምፆች ነው፤ «ወሰድኩት» እና «አልወሰድኩትም»፣ «ያመኛል» እና «አያመኝም»። ታካሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር እነዚህ ድምፆች ይዋጣሉ። የስህተት መጠን የሚቆጠረው በቃል ስለሆነ «አልወሰድኩትም» ወደ «ወሰድኩት» ቢዛባ ሒሳቡ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሕክምናው ላይ ግን ሁሉም ነገር ተገልብጧል። ከዚህም በላይ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማይለይ ማሽኑ በትክክል ሰምቶም ጽሑፉ ሊያሻማ ይችላል። «መርፌ ይወጋል» ሲላላ መርፌ የሚሰጠውን፣ ሲጠብቅ መርፌ የሚቀበለውን ያመለክታል። የንባብ ቤት መምህራን ይህን ልዩነት ተማሪን በጆሮ እያረሙ የሚያስተምሩት ጽሑፉ ብቻውን ስለማይነግር ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የእኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» በሌላው አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። «መርፌው ማታ 2 ሰዓት ይሰጣት» የተባለውን በውጭ ልማድ የሠለጠነ ማሽን ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞረው ስድስት ሰዓት ያዛባዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር የወር አበባዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው መስከረም 5 ከሆነ እንደ ዓመቱ ሴፕቴምበር 15 ወይም 16 ነው፤ «ሴፕቴምበር 5» ተብሎ ከተጻፈ የጽንሱ ዕድሜ በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ቀን ይስታል። በዓመተ ምሕረት ላይ ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት በልጅ የትውልድ ቀን ላይ ሲወድቅ ክትባቱን፣ የክብደት መለኪያውንና የመድኃኒቱን መጠን ሁሉ ያበላሻል።

አራተኛው ስም ነው። የመድኃኒት ስሞች ይቀራረባሉ፤ ክሎርፕሮማዚን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፣ ክሎርፕሮፓማይድ የስኳር። «ቢአይዲ» በቀን ሁለቴ፣ «ኪውአይዲ» በቀን አራቴ ነው። የሰውም ስም እንዲሁ ያስቸግራል። በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ሲሆን ሞክሼ ፊደላት ስላሉ «ፀሐይ» በአንዱ ካርድ በፀሐዩ ፀ፣ በሌላው በጸሎቱ ጸ ሊጻፍ ይችላል። ማሽን ከድምፅ ብቻ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። የካርድ ቁጥሩ ካልተመሳከረ አንዱ የሌላውን ታሪክ ይወርሳል።

አምስተኛው የሕዝቡ የበሽታ አጠራር ነው። «የወፍ በሽታ» ጉበትን፣ «አልማዝ ባለጭራ» በነርቭ መስመር የሚወጣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታን ያመለክታል። «ልቤን ያመኛል» የምትል እናት ብዙውን ጊዜ ጨጓራዋን ማለቷ ነው፤ «ውጋት» የጎን ሕመም፣ «ምች» ደግሞ እንደየሰዉ የተለያየ ነው። ሐኪም «የቱ ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ» ብሎ ይለያል። የታካሚዋ እጅ የት እንዳረፈ ማሽኑ አያይም፤ «ልቤን» ያለችውን ቃል በቃል ተርጉሞ የልብ ሕመም ብሎ ቢጽፍ የሰማውን መጻፉ ነው፤ ካርዱ ግን ተሳስቷል።

የደጋው ሁኔታ

ከጎንደር ወደ ሰሜን ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት የጃናሞራና የበየዳ ቀበሌዎች የራስ ዳሽን ጎረቤቶች ናቸው፤ ተራራው ከ4,500 ሜትር በላይ ይወጣል። በእነዚህ ቀበሌዎች የጤና መዝገብ የሚጀምረው በጤና ኬላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየሄዱ በየቤተሰቡ ማህደር ላይ በአማርኛ ይመዘግባሉ፤ በኋላም በታብሌት የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መጥቷል።

ስለዚህ የአንዲት እናት ታሪክ በጤና ኬላ በአማርኛ ተጽፎ፣ በጤና ጣቢያ በሪፈር ወረቀት ላይ ወደ እንግሊዝኛ ዞሮ፣ በደባርቅ ተጨምቆ ጎንደር ይደርሳል። ድምፅ የሚጽፍ መሣሪያ ጥቅሙ ሊጎላ የሚችለው በዚህ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዳገት ወጥታ እጇ በብርድ ደንዝዞ ከመጻፍ ብትናገር ይቀላታል፤ ቋንቋውም ከላይ እስከ ታች አማርኛ ስለሆነ ድብልቅነቱ ያነሰ ነው። ነገር ግን ነፋስ፣ የሕፃናት ጩኸትና በአንድ ክፍል የሚነጋገሩ ብዙ ሰዎች አሉ። አነጋገሩም የጎንደር ነው፤ የቋንቋ ምሁራን የአማርኛ ዘዬዎችን የአዲስ አበባ፣ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎና የመንዝ ብለው ሲከፍሉ በምክንያት ነው። ለአዲስ አበባ አንደበት የተሠራ መሣሪያ ዳባት ላይ ሳይፈተን አይታመንም።

መሣሪያው በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚዘነጋ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሕክምና ካርድ ሊቆም አይችልም። ለእኛ የሚስማማው በታብሌቱ ላይ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ፣ ኔትወርክ ሲመለስ የሚያስተላልፍ፣ ወረቀቱንም ጨርሶ የማያስቀር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ የግል መረጃዎች መድቦታል፤ መረጃ ከአገር የሚወጣበትንም ሁኔታ ገድቧል። የተቆጣጣሪነቱ ሥልጣን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሐኪም ታካሚን በግል ስልኩ እየቀዳ ውጭ አገር ባለ ኮምፒውተር ቢያስጽፍ ነገሩ የቅልጥፍና ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ታካሚው መቀዳቱን ማወቅ፣ መፍቀድ፣ አልፈልግም ካለም ሕክምናው ሳይጓደልበት በእጅ እንዲጻፍለት ማድረግ ግድ ነው። ድምፅ ከጽሑፍ የበለጠ ማንነትን ያጋልጣል፤ በትንሽ ከተማ ድምፁ የማይታወቅ ሰው የለም። አዋጁ ሰው ስለ ራሱ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብትም ስለሚሰጥ የካርድ ትክክለኛነት የባለሙያ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የታካሚ መብት ነው።

ምን ይደረግ?

ከማስረጃው የሚወጣው ምክር ረጅም አይደለም።

አንደኛ፣ ከመግዛት በፊት መፈተን። ዩኒቨርሲቲው ፈቃደኛ በሆኑ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ድምፅ፣ በእውነተኛ ጫጫታ ውስጥ፣ መሣሪያውን ሊለካው ይችላል። መለኪያው የተሳሳቱ ቃላት ጥቅል ቁጥር ብቻ አይሁን፤ ቁጥር፣ አሉታ፣ ቀን፣ የመድኃኒት ስምና የታካሚ ስም ለየብቻ ይቆጠሩ።

ሁለተኛ፣ አደገኛ የሆኑትን ከድምፅ ማውጣት። የመድኃኒት ስምና መጠን፣ ክብደት፣ አለርጂ፣ የደም ዓይነትና ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ጎን በእጅ ይሞሉ ወይም ከዝርዝር ይመረጡ። በድምፅ መነገራቸው ግድ ከሆነ ቁጥሩ አኃዝ በአኃዝ ይጠራ፤ 15 «አንድ፣ አምስት» ይባል። ሰዓትና ቀን ሲነገር አቆጣጠሩ አብሮ ይነገር።

ሦስተኛ፣ ማሽን የጻፈው እስኪነበብ ድረስ ረቂቅ ተብሎ ይቀመጥ፤ ድምፁም ጽሑፉ እስኪጸድቅ ይቆይ፣ ከዚያ በተወሰነ ቀን ይጥፋ። የፈረመው ሐኪም ኃላፊ ነው፤ ሆኖም የ2018ቱ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ትልቁን ስህተት የሚለቅመው የሠለጠነ አራሚ ነው። የጤና መረጃ ባለሙያዎቻችን ለዚህ ሥራ ቢሠለጥኑ የካርድ ክፍል ማህደር ከመደርደር ያለፈ ሚና ይኖረዋል።

አራተኛ፣ በየወሩ ጥቂት ካርዶችን በዕጣ አውጥቶ ከቅጂው ጋር ማመሳከርና የተገኘውን ስህተት ማንንም ሳይወቅሱ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ መወያየት። የሚያስቀጣ ከሆነ ስህተት ይደበቃል።

አምስተኛውና ዋነኛው ለታካሚው መልሶ መናገር ነው። ሐኪሟ ካርዱን ከመዝጋቷ በፊት እንዲህ ብትል ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?

«እናቴ፣ የነገሩኝን ልድገምልዎት፤ የሳትኩት ካለ ያርሙኝ። ሆድዎን ያመመዎት ከሦስት ሳምንት ወዲህ ነው። ትውከት የለም። ፔኒሲሊን ሲወጉ ሽፍታ ወጥቶብዎት ያውቃል። የግፊት መድኃኒቱን አቋርጠዋል።»

«ኧረ አላቋረጥኩም ልጄ! አንዳንድ ቀን ይረሳኛል እንጂ እወስዳለሁ።»

በዚህች አንድ መልስ አንድ ከባድ ስህተት ታረመ። ይህን ያረመው አንባቢ አይደለም፣ ማንበብ የማትችል ሴት ናት። የድምፅ ቴክኖሎጂ ለእኛ ትልቁን አገልግሎት ሊሰጥ የሚችለው በዚህ በኩል ነው፤ የሐኪምን ቃል ከመጻፍ አልፎ በእንግሊዝኛ የተዘጋውን ካርድ በአማርኛ ጨምቆ ለባለቤቱ ጮክ ብሎ በማንበብ። ይህም ቢሆን ሐኪሙ ሰምቶ ሲያጸድቀው ነው።

ስለዚህ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ለክልሉ ጤና ቢሮና ለጤና ሚኒስቴር የሚቀርበው አደራ ግልጽ ነው። መሣሪያውን አትፍሩት፤ ሳትለኩትም አታስገቡት። መመሪያው ከመሣሪያው ቀድሞ ይውጣ፤ በመመሪያው ላይም «ለታካሚው ተነብቦለት ጸድቋል» የሚል መስመር ይኑር። እርስዎም አንባቢ፣ ነገ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ከመውጣትዎ በፊት «ስለ እኔ የጻፉትን ይንገሩኝ» ይበሉ። መብትዎ ነው።